በመሶብ ውስጥ ስላለው አየር ክብደት፦ የመነሻ ጥናት

አየር ስንት ይመዝናል? በዚህ ጥያቄ የፊዚክስ ምሁራንና የፈጣን መልእክት ድርጅቶች እስካሁን አልተስማሙም። ምሁራኑ በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ነው ይላሉ። ድርጅቶቹ 200 ኪሎ ነው ባይ ናቸው። ደረሰኝ የሚቆርጡት እነሱ ስለሆኑ ይህ ጥናት የኋለኞቹን ይከተላል።

ለምርምር የተመረጠው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለሙሽራ የሚላክ መሶብ ነው። ከነካርቶኑ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ሚዛኑም ላኪዋም ይመሰክራሉ። ካርቶኑ ግን 60 በ60 በ75 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ ተባዝተው ለ5000 ሲካፈሉ 54 ይወጣል፤ ደንቡም ከሁለቱ ክብደት በሚበልጠው ያስከፍላል። ተቀባዩ ወጣት 54 ኪሎውን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ከባንኮኒው አወረደ።

«ልጄ፣ ባዶ እኮ ነው!»

«እሱ ነው እማማ ቦታ የያዘው።»

መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የአውሮፕላን ሆድ ብዙ ጊዜ ሳይከብድ ይሞላል። ተራ የአየር ጭነት ግን የሚካፈለው ለ6000 ስለሆነ ያው መሶብ ወደ 45 ኪሎ ይወርዳል። አየር ሲቸኩል እንደሚከብድ የታወቀው በዚህ ነው። ከፍታ ለውጥ አያመጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ይላል፤ በዚህ ካርቶን ውስጥ ያለው ቢመዘን ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። የከፍታ ቅናሽ ግን የለም።

ድሮ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር ይባላል። ዛሬ ሜትሩ በሻጩ እጅ ነው። ካርቶኑ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ከተነፋ፣ ሽርፍራፊው ወደ ላይ ተጠጋግቶ 61 በ61 በ76 ይሆናል፤ ይህም 57 ኪሎ ነው። አጥብቆ ያላሸገ ሰው ሦስት ኪሎ ይከፍላል ማለት ነው። በመሸጋገሪያ ጣቢያ በማሽን ዳግም ተለክቶ መንገድ ላይ ያደገ ዕቃም አለ፤ ልዩነቱ ላኪውን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ላኪዋ ይህን ሁሉ ሰምተው ለሳይንስ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። «እንግዲያው 48 ኪሎ በርበሬና ሽሮ ልጨምርበት። ሒሳቡ ያው አይደል?»

ወጣቱ ማስያውን ነካካ። ሒሳቡ ያው ነው።

«እማማ፣ 54 ኪሎ ማን ያነሣል?»

«ቅድም በአንድ እጅህ አንሥተኸው የለም እንዴ?»