በጤና አዳምና በመብራቷ መካከል ስላለው ክፍተት

ታኅሣሥ ሲገባ የሚኒያፖሊስ የቀን ብርሃን 9 ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባ በዚያው ሰሞን ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ታገኛለች። ጤና አዳም፣ በሳይንስ ስሟ ሩታ ቻሌፔንሲስ፣ የለመደችው የአዲስ አበባውን ነው። ስለዚህ ቡናቸውን ያለእሷ የማይጠጡ የሚኒያፖሊስ ሐበሾች ማሰሮዋን ቤት አስገብተው የተክል መብራት ከላይዋ ይሰቅላሉ። ምን ያህል ከላይ የሚለው ግን እስካሁን እልባት አላገኘም።

ሕጉስ ግልጽ ነው። ከአንዲት አምፖል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከራቀ ግንዱ እየቀጠነ ይንጠራራል፤ ከቀረበ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጫፉም ይጠቀለላል። ረጅሙን ፍሎረሰንት እስከ 15 ሴንቲሜትር ማስጠጋት ይቻላል፤ ኃይለኛ ኤልኢዲ ግን ከ30 እስከ 60 ይፈልጋል።

ሰቃዮች በሦስት ይከፈላሉ፦ ገማቾች፣ ክንደኞችና ስንዝረኞች።

ገማቾች አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «በቃ፣ እዚያ ጋ» የሚሉ ናቸው። ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር ስለሚጠጋ ክንደኞች በኤልኢዲ ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ ይህንንም ስለሚያውቁ አብሯቸው ቡና መጠጣት ያስቸግራል።

ስንዝረኞች ሰፊ ጥናት ይገባቸዋል። በመጀመሪያ የባል ስንዝርና የሚስት ስንዝር ተብለው ይለያሉ። ባል ጠዋት በራሱ ለክቶ መብራቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሚስት ከሥራ ስትመለስ በራሷ ለክታ ሰንሰለቱን ሁለት ቀለበት ታወርዳለች። ጠቡ ሲሰለቻቸው መብራቱን ትተው ማሰሮውን ከፍ ወደ ማድረግ ይዞራሉ፤ እነዚህ ደጋፊዎች ይባላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ በድጋፋቸው ይመደባሉ፦ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ የጀበና ካርቶን፣ የዜግነት ፈተና ማጥኛ። ከሁሉም የማይነቃነቀው ማጥኛው ነው፤ ፈተናው ከታለፈ ወዲያ የሚፈልገው የለም። ተክሏ ባደገች ቁጥር ከሥሯ አንድ ዕቃ መውጣት ስላለበት፣ በደጋፊዎች ቤት ዕድገት የሚለካው ወደ ወጥ ቤት በተመለሰ ቆርቆሮ ነው።

ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት በየትኛውም ምድብ አይገቡም። «ይቺ እኮ አጥር ሥር ማንም ሳይነካት የምትበቅል ናት» ይሉና፣ በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንዲበራ የተሞላውን መብራት ቆጣሪ እንዳይበላ ብለው ያጠፉታል።

እጃቸውን ቅጠሉ አጠገብ ዘርግተው ሙቀቱን የሚፈትሹ አራተኛ ወገኖችም እዚህ ሊተነተኑ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ዋናዋ ናሙና እሑድ ዕለት ለአቦሉ ተቀጥፋለች፤ ለቶናው የተረፈው ግንድም ለምደባ አይመችም።