በርበሬና ጂፕሲ ሞዝ

ባለቤቴ «በርበሬውን አስፈጭተህ ቶሎ ና» አለችኝ እንጂ አውሮፕላን አሳርፍ አላለችኝም። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ለወትሮው የማያልቀው ወረፋ ያን ቀን አልነበረውም። በርበሬው ተፈጭቶ፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ አፉ በሲባጎ ታስሮ የአንድ ጎረምሳ የእጅ ጋሪ ላይ ተጫነ። የቀረኝ ቤት መግባት ብቻ ነበር። ግን በቡና ሰዓት አራዳን ዝም ብሎ የሚያልፍ የጎንደር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጡረተኛው ወዳጄ ጀበናው አጠገብ ተሰይሟል። ወሬው ከአዘዞ አየር ማረፊያ ተነሥቶ፣ በኑሮ ውድነት አልፎ፣ ሁበርት ጁሊያን ላይ አረፈ። ትሪኒዳድ ተወልዶ፣ ሐርለም ላይ «ጥቁሩ ንስር» የተባለው ሰውዬ። አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በፓራሹት ዘለለና የኮሎኔልነት ማዕረግ አገኘ። ከዚያ ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ልምምድ ሲደረግ፣ ንጉሡ የሚሳሱላትን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተነሣ። የወረደው ግን ባሕር ዛፍ ላይ ነው። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ እንክትክቷ ወጣ።

«አይችልማ!» አለ ወዳጄ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? «አየሩስ?» አልኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየር ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ያንሰዋል፤ ክንፍም ለመደገፍ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን መሬት የሚነካው እየከነፈ ነው። ይህን ስናገር ያየኝ ሰው በአዘዞ አጥር ቀዳዳ ከማየት በቀር አውሮፕላን ተጠግቼ የማላውቅ መሆኔን አይጠረጥርም።

ወዳጄ አልገባው አለ። ላሳየው ተነሣሁ። ጋሪውን ከጎረምሳው ተቀብዬ ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩት፤ በርበሬው ሞተር፣ እኔ ጅራት። «ጋሼ፣ ጎማው ይጎትታል!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ግን ከመሬት የሚመጣ ምክር የሚሰማ አብራሪ የት አለ?

መጀመሪያ እኔ ጋሪውን ገፋሁት፤ ቀጥሎ ጋሪው እኔን ጎተተኝ። ሊስትሮዎቹ ሣጥናቸውን አንሥተው ተበተኑ። ጎማው ወደ ግራ ሳበ፤ እኔ ወደ ቀኝ ጸለይኩ። ከፊቴ ለሽያጭ የተቆለለ አጠና ነበር። አጠና ምንድን ነው? ባሕር ዛፍ!

ሲባጎው ተበጠሰ። ቀዩ አቧራ ቀስ ብሎ ተነሣና አራዳን አለበሳት። ቡና የምታፈላዋ አስነጠሰች፣ ባለ አጠናው አስነጠሰ፣ ታስሮ የቆመ አህያ ሳይቀር አስነጠሰ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በርበሬ ግን ከአስፋልት የሚለቀመው እያለቀሱ ነው። ወዳጄ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ «አሁን ገባኝ» አለ። ጎረምሳው የጎማውንም የመንገዱንም ሒሳብ ጠየቀኝ።

ጁሊያን አውሮፕላኗን ፈረንሳዮቹ አበላሽተውብኝ ነው ብሎ ነበር። እኔም ለባለቤቴ ስለ ጎማው አስረዳኋት። ማዳበሪያውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ልብስህን ደጅ አራግፍ» አለች።

ጁሊያን ከአገር ተባረረ፤ ጣሊያን ሊወረን ሲል በ1927 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ይህንንም ነገርኳት። አልጫውን ከፊቴ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።