የባለገንዳ አበሳ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ቤት ለመግዛት የሚዞር ሐበሻ ሳሎኑን አይቶ ዝም ይላል፤ ኩሽናውን አይቶ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመለከታል፤ ጓሮ ወጥቶ ሰማያዊውን ውሃ ሲያይ ግን ደላላው ሌላ ቃል ማባከን አያስፈልገውም። መዋኘት ይችላል ወይ? ይህ በዚያች ሰዓት አይነሳም። የሚያሳስበው ፎቶው አገር ቤት ሲደርስ ማን ምን እንደሚል ነው። ቁልፉን በተረከበ ሳምንት ነጠላዋን ያጣፋች ሚስት፣ ካልሲውን ያላወለቀ ባል፣ ከኋላቸውም የሚያብረቀርቅ ገንዳ በቴሌግራም ይዞራሉ። ጥግ ላይ ቆሞ የሚያጓራው ፓምፕና አጠገቡ ያለው ፊልተር ፎቶው ውስጥ አይገቡም።

9 ሜትር በ4.5 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሚደርስ የጓሮ ገንዳ 60,000 ሊትር ያህል ይይዛል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እናት ይህን ሲሰሙ ወዲያው ወደሚያውቁት መስፈሪያ ይመነዝሩታል፤ 3,000 ጀሪካን። «ታዲያ ልጄ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከዚህ ነው የሚቀዳው?» ይላሉ። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኙ፣ ሮቶው ሲሞላ ተመስገን ለሚሉ እናት «አይ እማዬ፣ ዝም ብሎ ነው፤ የሚዋኝበትም የለ» ብሎ መመለስ ወኔ ይጠይቃል። ሰመር ሲገባ ደግሞ በረሃው በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲያተን 10 ጀሪካን ሄደ ማለት ነው። ይህን ለእናት አለመንገር ይሻላል። ላስ ቬጋስ ያለችበት የክላርክ ካውንቲ ሹማምንት ግን ያውቁታል፤ ከተማዋ የምትቀዳው የሚድ ሐይቅ ውሃ እየሸሸ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ገንዳ ስፋቱ ከ600 ስኩዌር ፊት እንዳይበልጥ ወስነዋል።

እኛ የታመመ ካየን ሐኪም፣ የቆመ መኪና ካየን መካኒክ ነን። አረንጓዴ ገንዳ ካየን ደግሞ ኬሚስት እንሆናለን። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ምርመራው ይጀመራል። አንዱ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ይነክርና «በረኪና ነው የጎደለው፤ ድፋበት ወንድሜ» ይላል። ከመሠረቱ አልተሳሳተም። ፈሳሹ የገንዳ ክሎሪንም በረኪናም ያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ናቸው፤ የሚለያያቸው ጥንካሬያቸው ነው። አገር ቤት በመጠጥ ውሃ ላይ የምንጨምረው ውሃ አጋርም ከዚያው ቤት ነው። ስንት ይደፋ ብሎ የሚጠይቅ ብቻ ጠፋ። ሁለተኛው ደግሞ አፍንጫውን ሸብሸብ አድርጎ «ኧረ ክሎሪኑ በዝቷል፤ ዓይን ያቃጥላል» ይላል። ይህኛው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል፤ የሚያሳዝነው ግን በሙሉ ልብ የሚታመነው እሱ ነው። ያ «የዋና ሽታ» የምንለው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸት ገንዳ ክሎሪኑ ያነሰው ገንዳ ነው። ባለቤቱ ግን «እንግዳ ታመመብኝ» ብሎ ክሎሪኑን ያቆማል። በሳምንቱ ውሃው ጎመን መስሎ ያድራል።

ስለ ፒኤች፣ ማለትም ስለ ውሃው የአሲድነት ልክ፣ ያነሳ ሰው ደግሞ «አጉል ሊቅ» ተብሎ ወሬው ወደ ፖለቲካ ይዞራል። የገንዳው ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው። ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል መቆየት አለበት። 7.5 አካባቢ ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ጀርም ገዳይ ሆኖ ይሠራል፤ 8 ሲደርስ ግን ወደ ሩብ ግድም ይወርዳል። እንግዲህ ፒኤቹን ሳይለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሎሪን እየገዛ የሚደፋውን ሰው ገንዘቡን ውሃ በላው ብንል ሐሜት አይሆንም። መለኪያው ውድ ሆኖ አይደለም። ወረቀቷን ክንድ ድረስ ጠልቆ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለሟን ማየት ነው፤ ከዚያ በላይ ጠብታ የሚቆጠርበት ኪት አለ። ግን ሐበሻ ወጥ በቅምሻ ሠርቶ ያደገ ነው፤ መለካት ሙያ እንደሌለው መቆጠር ይመስለዋል።

የቬጋስ ፀሐይ የራሷ ጠባይ አላት። ምንም ከለላ የሌለው ክሎሪን በጠራራ ፀሐይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሹና ከዚያ በላይ ይጠፋል። ለዚህ ሳያኑሪክ አሲድ የሚባል፣ ባለሱቆቹ ስታቢላይዘር የሚሉት ነገር አለ፤ ከ30 እስከ 50 ፒፒኤም ቢኖር ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ሲበዛ ደግሞ ክሎሪኑን ራሱን ያስረዋል። በየሳምንቱ በተንሳፋፊዋ ዕቃ የሚጣሉት ነጫጭ እንክብሎች ይህንኑ አሲድ ይዘው ስለሚመጡና ውሃው ሲተን እሱ ስለማይተን፣ ሁለት ሦስት ሰመር ሲያልፍ «ክሎሪን ሞልቷል፤ ውሃው ግን አረንጓዴ ነው» የሚባለው እንቆቅልሽ ይመጣል። መፍትሔው ከውሃው ቀንሶ አዲስ መሙላት ነው። ያንንም ወደ መንገድ መልቀቅ አይቻልም፤ እዚያ አገር ወደ ፍሳሽ መስመሩ ነው የሚለቀቀው፤ ተጣርቶ ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳልና። በሌሊት ቱቦውን በአጥር ሥር አሾልኮ ወደ አስፋልት የለቀቀው ሰው ግን ሰፈሩ ሁሉ ካሜራ እንዳለው የሚያስታውሰው የቅጣቱ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

በፊልተር በኩል ባለገንዳዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ፊልተር መኖሩን የሚያውቀው ሲፈነዳ ነው። ሁለተኛው በጣም ይወደዋል። በተለይ የአሸዋ ፊልተር ያለው ሰው ባክዋሽ የምትባለዋን፣ ውሃ በግልባጭ ሰዶ አሸዋውን የማጠብ ነገር ከተማረ ወዲህ እጁን ከመዘውሩ ላይ ማንሳት አቅቶታል። ቆሻሻው በመስታወቷ ሲወጣ ያያል፤ ሚስቱን ጠርቶ ያሳያል፤ ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በመጠኑ የቆሸሸ አሸዋ ከታጠበው ይልቅ ደቃቁን ብናኝ አጥብቆ ይይዛል። ባክዋሽ የሚደረገው የግፊት መለኪያዋ ፊልተሩ ንጹሕ ከነበረበት ቁጥር ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ ከፍ ስትል ነው። ያን የንጹሑን ቁጥር በማርከር ጋኑ ላይ የጻፈ ስንት ሰው አለ? ባሉበት ይቁጠሩት።

እኔ ግን ዋናውን ጥፋት ከኬሚስትሪው አላገኘሁትም። ገንዳ በየቀኑ ጥቂት ነገር ነው የሚፈልገው፤ ጥቂት ሰዓት ፓምፕ፣ ጥቂት ክሎሪን፣ ቅጠል መልቀም፣ ግድግዳ መቦረሽ። የእኛ ቤት አያያዝ ደግሞ የዋዜማ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ቤት ይገለበጣል፣ ምንጣፍ ይታጠባል፣ ከዚያ እስከ እንቁጣጣሽ ሰላም ነው። ገንዳውም እንደዚያው ነው። ለመብራት ብሎ ክረምቱን ሙሉ ፓምፑን ያጠፋ ሰው፣ የልጁ ምረቃ ነገ ሊሆን ዓርብ ማታ ያገኘውን ጆንያና ጋሎን ሁሉ ይዞ ይወጣል። እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል። የተለያየ ዓይነት ክሎሪን አንድ ላይ ሲቀላቀል ሊቀጣጠልና ሊፈነዳ ይችላል፤ አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

በዋዜማ አያያዝ የሚያምርበት ገንዳ የማውቀው አንድ ነው፤ ጎንደር ያለው የፋሲለደስ መዋኛ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፤ ከበዓሉ በኋላ ይደርቃል። አብዛኛውን ዓመት ባዶ ስለሆነ አልጌ የለ፣ ፓምፕ የለ፣ የመብራት ሂሳብ የለ። የቬጋሱ ሰው ይህን ልምድ መውሰድ አይችልም፤ ባዶ ገንዳ በዚያ ፀሐይ ልስኑ ይሰነጠቃል።

ፎቶ ላይ የማይታይ ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ነገሮች ቀዳሚው መስጠም ነው። ከክሎሪኑም ከፊልተሩም በፊት በራሱ የሚዘጋ በር ያለው አጥር ይቅደም። ባለቤቱም ቢሆን ይማር፤ ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ የዋና ትምህርት መውሰድ የሚያሳፍረው አባት ካለ፣ ጥልቁ ገንዳ አጠገብ ቆሞ «ራቁ!» እያለ መጮህም ሊያሳፍረው ይገባ ነበር።

እናንተ ተጋባዦች ደግሞ፣ የውሃውን በሽታ ለመመርመር ከመቀመጣችሁ በፊት ቫዝሊኑን፣ የፀጉር ቅቤውንና ሽቶውን ታጠቡ። አንድ ደቂቃ ሻወር ከሰውነት ላይ አብዛኛውን እድፍ ያነሳል። ልጆቻችሁንም ሽንት ቤት አድርሷቸው፤ የሚሸተው እሱ ነው።