«ጋሼ ይጨርሱት»

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት 21 ዓመት ሞላው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል ብሎ፣ እስከዚያ ድረስ ጠብታ አልቀመሰም። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ በዘራችን ታይቶ አያውቅም፤ ከየት እንደመጣብን እንጃ። ልደቱ ባለፈ በሳምንቱ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የትኛውን መጠጥ እንደምወድ ማወቅ ፈልጌ ነበር። አብረውኝ ይሄዳሉ?»

ማወቅ! እኔን ማን ጠየቀኝ? የመሥሪያ ቤት ታላላቆቼ ጊዮርጊስ ያዝዛሉ፣ ለእኔም ጊዮርጊስ ይመጣል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተ ነው፤ ከታላቅ ጋር ደግሞ ክርክር የለም። መረረኝ፣ ጠጣሁት። በሦስተኛው ወር ወደድኩት፤ ወይም የወደድኩት መሰለኝ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

ይሄኛው ስልኩ ላይ ሰንጠረዥ አሰናድቶ መጣ። ስም፣ ሽታ፣ መራራነት፣ «እደግመዋለሁ ወይ»። በድራፍት ጀመርን። አስተናጋጇ ጃምቦውን ስታስቀምጥ አረፋውን አየ፣ አሸተተ፣ ሁለቴ ተጎነጨ፣ ጻፈ። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋ።

«መረረኝ። ጋሼ ይጨርሱት።»

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የተከፈለበት ነገር ሲደፋ ማየት አልችልም። እናቴ ከአተላው ላይ ውኃ ጨምራ ቅራሪ የምታወጣ ሴት ነበረች፤ ከእሷ ቤት የወጣ ሰው ጃምቦ ጥሎ አይነሳም። ጨረስኩት።

ቀጥሎ ሐኪም ስታውት አዘዘ። «የተቃጠለ ቡና» ብሎ ጻፈ። ቀመስኩት። ምን ቡና! እናቴ ለጠላው አሻሮ ስታምስ ምጣዱ ላይ ያረረባት ገብስ ነው እንጂ። ብቅሉ ተቆልቶ ነው እንዲህ የጠቆረው፤ የምሬቱን ሥራ በእኛ ቤት ጌሾ፣ በፋብሪካው ሆፕስ የሚባል ተክል ይሠራዋል። ይህን ሁሉ ሳስረዳው ቃል በቃል መዘገበኝ። ቢራውን ግን ገፋው።

ጂን መጣ። «ቀስ በል፣ ቢራ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ይሄ 40 ገደማ» አልኩት። ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ «የአጥር ጥድ ይሸታል» አለ። እውነቱን ነው፤ ጂን ሽታውን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው። መለኪያው እኔ ፊት ቆመ።

ኡዞ ላይ ጊዜ ፈጀን። ውኃ ጠብ ሲያደርግበት ጥርት ያለው መጠጥ እንደ ወተት ነጣ። ልጁ መጻፉን ትቶ አፈጠጠ። የአኒሱ ዘይት አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውኃ ሲበዛበት ግን አልሟሟም ብሎ ይደፈርሳል አልኩት። ሲነጣ ደግሞ ለማየት ብሎ ሁለተኛ አዘዘ፤ ለቤት የሚሆን አንድ ጠርሙስም አስጠቀለለ። የቀመሰው አንድ ጠብታ ነው። የቀረው የት እንደገባ መገመት ለአንባቢ አያቅትም።

ይበቃናል ብለው እንቢ አለ፤ ጠጅ ሳይቀመስ ሰንጠረዡ አይሞላም። ጠጅ ቤት ገባን። ደረቁን በብርሌ አስቀረበና «ኃይለኛ ነው» አለ፤ ገፋው። ለስላሳውንም ገፋው። በመጨረሻ ጌሾ ያልገባበት፣ ማርና ውኃ የሆነ ብርዝ አመጡለት። እኔ እንደለመድኩት እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፤ ጉሮሮዬም በኡዞው ነድዶ ነበርና ያቺን ብርዝ እንዴት ተመኘኋት! ልጁ ብርሌውን አንገቱን ይዞ እስከ ታች ጨለጠውና «ድገሚን» አላት። ሁለተኛውንም ብቻውን።

ወደ እህቴ ቤት እሱ በብብቴ ገብቶ ደግፎኝ ሄድን። በሩን የከፈተችው እሷ ናት።

«ልጁን ጠብቅልኝ ብዬ ብልክህ፣ ልጁ አንተን ተሸክሞ ይምጣ?»

ምን ልበል? ተከሳሹ አይሸት፣ አይንገዳገድ። ምስክሩ እኔ፣ ቀጥ ብዬ መቆም ያቃተኝ።

በማግሥቱ ውጤቱን አሳየኝ። የቀሩት መጠጦች ሁሉ «አልደግመውም»፣ ብርዝ ብቻ ከ10 10። በትክክል አልኮል ነው ለማለት እንደሚያስቸግር አልነገርኩትም፤ ይበለው።

የኡዞው ጠርሙስ «ጋሼ ይጨርሱት» ተብሎ እኔ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከመካከላችሁ አኒስ የሚጥመው ካለ መጥቶ ይውሰድልኝ፤ አልተከፈተም።