ሕጉ የማይነገርበት ጨዋታ

አሜሪካዊው ሮበርት አቦት እ.ኤ.አ. በ1956 የፈለሰፈው «ኢሉሲስ» የተባለ የካርታ ጨዋታ፣ ለአዲስ ተጫዋች ሕግ ማስረዳት የሰለቸው ሁሉ ሊመርቀው የሚገባ ፈጠራ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ሕጉን መደበቅ ነውር መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗልና። አዳዩ፣ ማለትም ካርታውን የሚያድለው ሰው፣ «ቀይ ከተጣለ ጥቁር፣ ጥቁር ከተጣለ ቀይ ይከተል» የምትልን የመሰለች ምስጢራዊ ሕግ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥና፣ ሌሎቹ ካርታ በጣሉ ቁጥር «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ከማለት በቀር ትንፍሽ አይልም፤ ትክክለኛው ካርታ ዋናውን ረድፍ ሲያስቀጥል የተሳሳተው ከሥሩ ይደረደራል፤ ተጫዋቾቹም ከዚህ ሰልፍ ሕጉን ለማውጣት ይጨነቃሉ።

ችግሩ፣ አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ሲባል የሚነገረው ነገር ብዛት ነው። አቦት ባሻሻለውና የሒሳብ እንቆቅልሽ ጸሐፊው ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1977 ለአንባቢ ባቀረበው ቅጂ፣ ሕጉን ደርሼበታለሁ የሚል ተጫዋች «ነቢይ» ተብሎ በአዳዩ ፈንታ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ሲስት ከነቢይነቱ ይሻራል፤ ጨዋታው ከረዘመ በኋላ ደግሞ የተሳሳተ ካርታ የጣለ ሁሉ ይባረራል። ይህን የሚያስረዳው ሰው «በቃ፣ ይኸው ነው» ካለ በኋላ «አንድ ነገር ረስቼ» ማለቱ የማይቀር ሲሆን (የአስረጂዎች ሁሉ ባሕርይ ነው)፣ አዲሱ ተጫዋች ግን ከነቢዩ ሹመት ጀምሮ ምንም ሳይገባው ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ ይቆያል። የነጥብ አሰጣጡ በአንጻሩ ፍትሐዊ ነው፤ ማንም የማይደርስበት ሕግ ያወጣ አዳይ የሚያገኘው ነጥብ ይቀንሳል። ይህ ቅጣት አስረጂውን ስለማይመለከት ማብራሪያው ይቀጥላል።