የወረቀቱ ሰውዬ

«በወረቀት ስንት እናድርግልህ?»

ይህን የተጠየቅሁት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት መስታወት ለበስ ሕንፃዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠያቂዋ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ ትሁት፣ ፈገግተኛ። የጠየቀችኝም ሻይ ቀድታ «ስኳር ስንት?» እንደምትል አስተናጋጅ ነው። በደመወዙ ተስማምተን ጨርሰናል፤ የቀረው በወረቀት ስንት እንደምሆን ብቻ ነው። እኔም እንደ ዋህ «ያው የተስማማነውን ነዋ!» አልኩ። ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ነገር ሲስት ትልቅ ሰው የሚስቀው ዓይነት ነው። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ትንሿ ገንዘብ «ደመወዝ» ተብላ ፔሮል ላይ ትሰፍራለች፤ ግብሩም ጡረታውም የሚቆረጠው ከእሷ ላይ ነው። ትልቁ ገንዘብ በአበል ስምና በፖስታ ይመጣል። «ለአንተው ብለን እኮ ነው» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ደግነት ሲደረግልኝ ይህ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ጊዜ እየተነጫነጭኩ ፈርሜያለሁ። ዘንድሮ ግን ልቤን ሰብስቤ ሳስበው፣ ልማዱን በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረቴ ነውር መሰለኝ። ከሃያ ሁለት እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ስንቱ አሠሪ ነው «ለዚህ ልጅ ምኑን ልቀንስለት?» እያለ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው! አዋጁ ጨካኝ ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ የዚያኑ ደመወዝ 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ለጡረታ ገቢ ይሁን ይላል። አበል ግን እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ይህችን ቀዳዳ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አሠሪ ካለ፣ ሒሳብ ሹም ያልቀጠረ ነው።

እኛም ሠራተኞቹ አናንስም። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሥራ ያገኘ ሰው ከወዳጆቹ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኔቱ ስንት ነው?» ስለ ግሮሱ የሚጠይቅ ቢኖር ሠርግ ቤት ገብቶ የበሬውን ዋጋ እንደሚጠይቅ እንግዳ ይታያል።

እናም አንድ ፊርማ ባረፈ ቁጥር አንድ ሰው ይወለዳል። ስሙ የእኔ ነው፤ የአባቱም ስም የአባቴ፤ ቲን ቁጥሩም የእኔው። ደመወዙ ብቻ የራሱ ነው። እኔ በ50,000 ብር ስቀጠር እሱ በ10,000 ይቀጠራል። እስከ 2017 ዓ.ም. በነበረው የግብር ስሌት ከዚህ ላይ 2,045 ብር ግብር፣ 700 ብር ደግሞ ጡረታ ይነሳለታል። 7,255 ብሩን ይዞ ቦሌ ላይ ይኖራል።

ይህን ሰውዬ ቀረብ ብዬ ሳጠናው ቅዱስ ሆኖ አገኘሁት።

ገርጂ ላይ ባለሁለት መኝታ ቤት በ25,000 ብር ተከራይቷል። በ7,255። ሁለት ልጆች በግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ሰርቪሱን፣ ዩኒፎርሙን፣ ልደት በመጣ ቁጥር ኬኩን ይከፍላል። ቪትዝ ይነዳል፤ ቤንዚን ይቀዳል። የወር ዕቁቡ 10,000 ብር ነው፤ ማለትም ዕቁቡ በእጁ ከሚገባው ደመወዝ ይበልጣል፤ ግን አንድ ዙር እንኳ አላጓደለም። ለፋሲካ በግ ያርዳል፤ ቸገረኝ ላለ ያበድራል። የዋልድባ መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ይኖራሉ ሲባል እንሰማለን፤ ክብር ይግባቸውና እነሱ ግን ቪትዝ አይነዱም። አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ሰው መብቃቱ አንድ ቀን የተደረገ ተአምር ነው፤ የእኛ ሰውዬ ግን በየወሩ ነው የሚያደርገው፤ ያውም በቦሌ ዋጋ።

ገድሉ በዚህ አያበቃም። የተቀረው 40,000 ብር ከሒሳብ መዝገብ ላይ ምክንያት ስለሚፈልግ ሰውዬው በውሎ አበል ይሰደዳል። በመስከረም ሰመራ ነው፤ በጥቅምት ጅግጅጋ፤ በኅዳር ጋምቤላ ከርሞ ይመለሳል። በወር 22 ቀን መስክ ላይ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብሎን የሚቆጥር ሰው ጋምቤላ ላይ ምን እንደሚቆጥር እግዜርና ሒሳብ ክፍሉ ያውቃሉ። የእኔን ሰውዬ መዝገብ አንድ ቀን በስህተት የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር፤ በአንድ ማክሰኞ ቀን መተማም ሞያሌም አድሯል። አንደኛው የሱዳን ጠረፍ፣ ሌላኛው የኬንያ! አንድ አካል ሁለት ቦታ ሲገኝ እስከ ዛሬ በገድል ካልሆነ አላነበብንም። በዚያው ማክሰኞ ደግሞ ጣቱ ጠዋት 2፡30 ላይ ስድስተኛ ፎቅ ካለው የመግቢያ ማሽን ላይ አርፋለች። ሦስት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳብ አለኝ፤ ወር በገባ በ30፣ ፔሮል በሚፈረምበት ዕለት፣ ለዚህ ሰውዬ ዝክር ይዘከር። ጠላውን አሠሪው ይጥመቅ፤ ዳቦውን ሒሳብ ሹሙ ይድፋ፤ ስለቱ ደግሞ በፖስታ ይግባ።

ሌላ በረከትም አለው። ውጭ ልሂድ ብሎ ቪዛ ሲጠይቅ ያው ድርጅት «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ 90,000 ብር ተከፋይ መሆኑን በማኅተም ያረጋግጥለታል። ለገቢዎች 10,000፣ ለኪስ 50,000፣ ለኤምባሲ 90,000፤ አንድ ሰው በሦስት ደመወዝ። በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከሥራ ቢወጣ አበሉ የሚተመነው በወረቀቱ ሰውዬ ልክ ነው። ቢሞትም ባለቤቱ የምትወርሰው የወረቀቱን ሰውዬ ጡረታ ግማሽ ነው። በአካል የቀበረችው ሌላ፣ በአበል የሚጦራት ሌላ።

ይህን ሁሉ እያመሰገንኩ ልቀጥል ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሼ ባይገጥሙኝ።

ከጋሼ ጋር ገርጂ ነው የምንኖረው፣ አጥር ለአጥር። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 60 ሞላቸው፤ ተሸኙ፤ ጋቢ ለበሱ፤ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። (ከእንግዲህ ሰዓት የማይጠበቅበትን ሰው ሰዓት የሚሸልመው ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኛል።) ሰማያዊ ፋይላቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ጡረታ ቢሮ ሲሄዱ ዓይናቸው ስለደከመ አብሬያቸው ሄድኩ። ፋይሉ ውስጥ የቅጥር ደብዳቤው፣ የልደት ካርዱ፣ የጋብቻ ማስረጃው፣ ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ሁሉ በቅደም ተከተል ተሰድሯል። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

የመንግሥት ሠራተኛ በሕግ ጡረታ ማግኘት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። የግሉ ሠራተኛ ግን በአዋጅ ቁጥር 715/2003 እስኪታወስ ድረስ ዕድል የቀናው ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው፤ ዕድል ያልቀናው ደግሞ ልጆቹ። ለጋሼ የተቆጠረላቸው ከዚያ ወዲህ ያለው 14 ዓመት ነው። ስሌቱ ምሥጢር የለውም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይያዛል፤ ለአሥር ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለጋሼ 35 በመቶ ደረሳቸው። ከስንት ላይ? የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረችላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና እንደገና አደረጉ። ስማቸውን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ። የአባታቸውን ስም አነበቡ። ከዚያ ጣታቸው 10,000 ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አባባ፣ ሲስተሙ የሚያሳየኝ ይሄንኑ ነው።»

3,500 ብር። እንደ እኔው በእውን ይከፈላቸው የነበረው ሃምሳ ሺህ በሙሉ በወረቀት ሰፍሮ ቢሆን 17,500 ይሆን ነበር። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሰፈር ስንደርስ ብቻ «እኔ እኮ በሰዓቱ ‘ለእርስዎ ብለን ነው’ ስላሉኝ አመስግኛቸው ነበር» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ላይ ሞኙ ለቀቀ፤ ወረቀቱ ግን አልለቀቀም።

ከዚህ በላይ ማሾፍ አልችልም። ይህ ሌብነት ነው። በትህትና የሚፈጸም፣ በማኪያቶ የሚወራረድ፣ ተሰራቂው ራሱ የሚፈርምበት ሌብነት።

ሒሳቡ ይኸው። ከተደበቀው 40,000 ብር ላይ ጋሼ በየወሩ 2,800 ብር የጡረታ መዋጮ ሳይቆረጥባቸው ቀረ፤ «ትርፋቸው» ይህ ነው። ይህን አተርፋለሁ ብለው በየወሩ ሊከፈላቸው የሚገባውን 14,000 ብር ዕድሜ ልካቸውን ሸጡ። አሠሪያቸው ደግሞ የራሱን 4,400 ብር በየወሩ ኪሱ አስቀረ። ግብሩ በማን እጅ ቀረ? ያም በወር ወደ 14,000 ብር ይጠጋል። ሠራተኛው የተደራደረው በኔት ነዋ! «በእጄ ይህን ያህል ይግባ» ብሎ የጨረሰ ሰው፣ ከግብር የተረፈው ሁሉ የአሠሪው ነው። ኔት ኔት እያልን የሸጥነው እርጅናችንን ነው፤ የሽያጩን ገንዘብ እንኳ እኛ አልተቀበልነውም።

አሠሪውን ብቻ ረግሜ ብሄድ ደግሞ እዋሻለሁ። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ባወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ጥሎበት፣ ብር እንደ ጤዛ ሲረግፍ ያቺን ጣሪያ ዘጠኝ ዓመት አልነካትም። በ2017 መጨረሻ ነው ወደ 14,000 ከፍ ያላት፤ እሷም ቦሌ ላይ የቤት ኪራይ አትከፍልም። የጡረታ ፈንዶቹም እስከ 2012 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ገንዘባችንን ለመንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ ሲያበድሩ የነበረው ከ3 በመቶ በማይበልጥ ወለድ ነው፤ ገበያው በሁለት አኃዝ እየናረ። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ «በሚያፈስ ጆንያ ለምን እህል አስቀምጣለሁ?» ቢል አልፈርድበትም። የማይገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጡረታህ የሚሰላው ፈንዱ ባተረፈውና በከሰረው ልክ አይደለም፤ ወረቀት ላይ በሰፈረው ደመወዝህ ነው። ጆንያው ቢያፈስም የሚሰፈርልህ በቁናህ ነው፤ አንተ ቁናውን ራስህ ቆርጠህ አሳነስከው።

«ልጅ አለኝ፣ እሱ ይጦረኛል» የሚል አይጠፋም። ጡረታም ጧሪም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ልጁ ግን ዛሬ የራሱ የወረቀት ሰውዬ አለው። «አያት ላይ ሰርቪስ ቤት ሠርቻለሁ» የሚልም አለ። ይሁንለት። ሰርቪስ ቤት የሌለን ብዙ ነን።

ጋሼ አሁን ከሰፈራችን ወረድ ብሎ የሚሠራ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ጋቢው ለዚያ ጠቅሟል።

እኔ ደግሞ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የቀረበልኝን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩም፤ የመልስ መስጫ ጊዜው እስከ ዓርብ ነው። እናንተ ግን 57 ዓመት የሞላችሁ ካላችሁ፣ ለጡረታችሁ የሚታሰበው 36 ወር መቆጠር ጀምሯል። ነገ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ግቡና ያለፈው ወር መዋጮ በስንት ብር ላይ እንደተሰላ ጠይቁ፤ መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ በጽሑፍና በማኅተም ይስጧችሁ።