ላይሰንሴን መስክሩልኝ

እኛ ድምፅ የምንቆርጠው በምላጭ ነበር። የቴፑን ክር በእጅ ወዲያና ወዲህ እያዞርን ቃሉ የሚጀምርበትን በጆሮ እንይዛለን፣ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን፣ ሰያፍ ቆርጠን በፕላስተር እንገጥማለን። ምላጩ አንድ ቀን እንኳ «ማን ነህ? ከየት ገዛኸኝ?» ብሎን አያውቅም።

ዛሬ ኮምፒውተር በቀየርሁ ቁጥር የድምፅ መቁረጫው ፕሮግራም ማንነቴን ይጠይቀኛል። ደረሰኙ አለ፣ ሲዲው አለ፣ ሽፋኑ ላይ ሲሪያል ነምበሩ አለ። ብቻ ዜሮው ከኦ፣ ስምንቱ ከቢ አይለይም፤ ያተመው ሰው ከመነጽር ሻጭ ጋር ሸሪክ ሳይሆን አይቀርም። እሱን እንደ ምንም አንብቤ ሳስገባ «ሰርቨሩ አልተገኘም» ይለኛል። በስልክ አክቲቬት አድርግ ይላል፤ ስልኩን የሚያነሳ የለም። የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የእኔ እውነት እያደር ኤክስፓየርድ አደረገ።

የሰፈሩ ልጅ ይህን አይቶ «ጋሼ፣ ለምን ክራኩን አልጭንልዎትም?» አለኝ። አያችሁልኝ? የሰረቀው ሥራውን ጨርሶ ይተኛል፤ ደረሰኝ የያዘው ሲማልድ ያድራል።

ደግሞስ ማን ዘንድ ይማለዳል? ኩል ኤዲት ፕሮ የሚባለውን የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም የሠራው የአሪዞናው ሲንትሪሊየም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዶቢ ገዛውና ኦዲሽን የሚል ስም አወጣለት። በዚያው ዓመት ሌላው የድምፅ መቁረጫ፣ ሳውንድ ፎርጅ፣ ከሶኒክ ፋውንድሪ ወደ ሶኒ ሄደ፤ በ2016 ደግሞ ወደ ማጂክስ። ስታይንበርግም ኩቤዝ የተባለው የድምፅ ፕሮግራሙ ይከፈትበት የነበረውን የዩኤስቢ ቁልፍ አገልግሎት በ2025 ዘጋ። መሬት ሲገዛ እማኝ ይቆማል፤ እማኙ ቢሞት ልጁ ይመሰክራል። የሶፍትዌር እማኝ ግን ወራሹ ማን እንደሆነ እንኳ በወጉ አይታወቅም።

ለነገሩ የተናዘዘም አለ። አዶቢ የአሮጌ ፕሮግራሞቹን አክቲቬሽን ሰርቨር ሲዘጋ፣ ኦዲሽን 3ን ጨምሮ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚከፈት ቅጂ ከነሲሪያሉ በ2013 መጀመሪያ አወጣ። «ለገዙት ብቻ ነው» ቢል ማን ሰምቶት! ያልገዛው ቀድሞ ተሰለፈ። ቢሆንም ደግ ሠራ እላለሁ። ሌላውም የሶፍትዌር ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ እንዲህ ቢናዘዝ ምን ነበረበት?

ልጆቹ «ኦዳሲቲን ይሞክሩ» አሉኝ፤ ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተነሣ፣ በ2000 የወጣ፣ ነጻ። ሞከርሁት። ስም አልጠየቀ፣ ቁጥር አልጠየቀ፣ ዝም ብሎ ተከፈተ። የከፈልሁበት አላውቅዎትም ሲለኝ ያልከፈልሁበት ጋሼ ይግቡ አለኝ! ደስ ሊለኝ ሲል፣ በ2021 ሙዝ ግሩፕ እጅ መግባቱን ነገሩኝ። «አሁንም ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው» ብለው ማሉልኝ። እኔ ግን ኢንስታለሩን በፍላሽም በሲዲም ቀድቼ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።